ጭኔና ባቴ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ የደም ስር ወጣ፦ መርፌ፣ ሌዘር ወይስ ዝም ብሎ መተው?

ሜላት ዘሜክሲኮ
ሰላም ለሁላችሁ። 34 ዓመቴ ነው፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባንክ ውስጥ ካሸር ነኝ። ሁለተኛ ልጄን ካረገዝኩ ጀምሮ ጭኔ ጎንና ከጉልበቴ ጀርባ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀጫጭን የደም ስሮች ወጡብኝ። ከወለድኩም በኋላ አልጠፉም። አያሙም፣ አያብጡም፤ ማታ ማታ ብቻ ባቴ ይከብደኛል። እናቴም አላት፣ የእሷ ግን ወፍራምና የተጠማዘዘ ነው።
ሁለት ቦታ ሄጄ ጠየቅሁ። አንደኛው ቤት "በሌዘር ባንዴ እናጠፋዋለን" አሉኝ፣ ሌላኛው ቤት ደግሞ ስሩ ውስጥ መድኃኒት የሚከት መርፌ ነው የሚሻለው አሉኝ። ሁለቱም ጋ ቀሚሴን ትንሽ ገለጥ አድርጌ፣ ቁጭ እንዳልኩ አይተው ዋጋ ነገሩኝ። ጠይም ነኝ፤ ትንኝ ስትነክሰኝ እንኳ ወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ የሚቀርበት ቆዳ ነው ያለኝ። ያሠራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ቤቲ
ሱሪ አድርጊበት፣ አለቀ። ሃሃሃ። ይቅርታ እህቴ፣ እኔም አለብኝ፣ ለዚህ ነው የምቀልደው።

ሲስተር ዘቀዶ ሕክምና
ሜላት፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ቀዶ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው፤ እግርሽን ስላላየሁ ይሄ ነው ብዬ ልፈርድ አልችልም፣ የማውቀውን ግን ልንገርሽ።
መጀመሪያ ውፍረቱን ለይው። ከ1 ሚሊሜትር በታች ሆኖ ቆዳው ላይ ተበትኖ የሚታየው የሸረሪት ድር የሚሉት ነው። ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነውና ጠለቅ ብሎ ሰማያዊ የሚታየው ብዙ ጊዜ የቀጫጭኖቹ መጋቢ ነው። ከ3 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ስትቆሚ ጎላ ብሎ የሚወጣ፣ በጣት የሚዳሰስ ከሆነ ቫሪኮስ ነው፤ እናትሽ ያላት እሱ ይመስለኛል። ሐኪሞች ከ0 እስከ 6 ደረጃ ይሰጡታል። ያንቺ ዓይነቱ 1 ነው፣ ቫሪኮስ 2፣ እብጠት ሲጨመር 3፣ ቆዳው መጥቆርና መድረቅ ሲጀምር 4፣ ቁስል ሆኖ ከዳነ 5፣ ቁስሉ ካልዳነ 6።
ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። የሚገፋው የባት ጡንቻ ነው፤ ወደ ታች እንዳይመለስ የሚይዙት ደግሞ ቫልቭ የሚባሉ ትንንሽ ክዳኖች ናቸው። ክዳኑ ሲላላ ደሙ ቁልቁል ይመለስና ስሩን ይለጥጠዋል። እርግዝና ላይ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ሆርሞኑ የስሩን ግድግዳ ያላላል፣ ማህፀኑም ከላይ ይጫናል። በዚያ ላይ ከእናትሽ የወረስሽው አለ። ባንኩ ብቻውን አላመጣብሽም።
ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ቆመሽ ሳያይሽ ዋጋ የነገረሽ ቤት ገና አልመረመረሽም። የእግር ደም ስር ሰው ቆሞ ነው የሚታየው፣ ምክንያቱም ስትቀመጪና ስትተኚ ይጎድላል። ባትሽ ስለሚከብድሽና በእናትሽ በኩል ስላለ፣ ከማናቸውም በፊት ዶፕለር አልትራሳውንድ ተነሺ፤ ደሙ በስሩ ውስጥ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ምርመራ ነው። ከስር ደሙን ቁልቁል የሚመልስ የደም ስር ካለ ላዩን ብታጠፊው ተመልሶ ይወጣል፣ ገንዘብሽም ይባክናል። አንድ ጥያቄ፦ ልጅሽ ስንት ወሩ ነው? እያጠባሽ ነው?

ሜላት ዘሜክሲኮ
አሜን ሲስተር። 7 ወሩ ነው፣ አዎ እያጠባሁት ነው።

ሲስተር ዘቀዶ ሕክምና
እንግዲያው ምን አስቸኮለሽ? በእርግዝና የመጣው ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ ብዙው ይደበዝዛል፤ አንዳንዱ እስከ ዓመት ይፈጃል። በእርግዝና ጊዜ መርፌው አይሰጥም፤ በምታጠቢበት ጊዜም መድኃኒቱ ወተት ውስጥ ይግባ አይግባ በደንብ ስላልተጠና አብዛኛው ሐኪም ጡት እስክታስጥይ ጠብቂ ይላል። አልትራሳውንዱን ግን አሁንም መነሳት ትችያለሽ፣ እሱ ጉዳት የለውም።

የተቃጠልኩት
ስለ ሌዘር እኔ ልናገር። የቤቱን ስም አልጠራም። ጭኔ ላይ ተሠራሁ፤ ቆዳዬ ከሜላት ይጠቁራል። ምን ዓይነት ማሽን እንደሆነ የነገረኝ የለም፣ ትንሽ ቦታ ላይ ልሞክርልሽ ያለኝም የለም። ሲተኩሱት የሚያቃጥል ነገር ነበረው፣ "ኖርማል ነው" ተባልኩ። በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። አሁን ደም ስሩ ደብዝዟል፣ በምትኩ ክብ ክብ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ተደርድረው ቀርተዋል፤ መሀላቸው ነጣ ያሉም አሉ። ቀጭኑን ሰማያዊ መስመር ከእኔ ሌላ የሚያየው አልነበረም። ይሄንን ግን ባለቤቴ ሳይቀር "ምን ነካሽ?" እያለ ይጠይቀኛል።

የቆዳ ሬዚደንት
በጣም ያሳዝናል እህቴ። ነጣ ያለው ቦታ ላይ ምንም ማጥሪያ ቅባት እንዳትቀቢ፤ ለቆዳ ሐኪም አሳይው፣ ከፀሐይም ሸፍኚው።
ለሌሎቻችሁ ነገሩን ላስረዳ። ሌዘር ብርሃኑን ደሙ እንዲውጠው ተብሎ የተሠራ ነው። የቆዳችን ቀለም ሜላኒንም ያንኑ ብርሃን ይውጣል። አጭር ሞገድ ያላቸው፣ ለምሳሌ የ532 ናኖሜትር ማሽኖች፣ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ደም ስሩ ጋ ሳይደርሱ ቆዳውን ያቃጥላሉ። ለእኛ ቆዳ የሚሻለው ኤንዲ ያግ የሚባለው የ1064 ናኖሜትር ሌዘር ነው፤ ሜላኒን የሚውጠው አነስ ያለ ስለሆነ ጠለቅ ብሎ ይገባል። እሱም ቢሆን ከነማቀዝቀዣውና ከተለማመደ እጅ ጋር ነው፣ ያማልም። ስለዚህ ስትሄዱ "የስንት ናኖሜትር ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑን የማያውቅ ሰው እግራችሁን አይንካ። ቦታው ላይ ንቅሳት ካለ ደግሞ ከነጭራሹ አይተኮስበትም።
እግር ላይ ላለው ቀጭን ስር ዛሬም ቀዳሚው መርፌ ነው፤ ስክሌሮቴራፒ ይባላል። በጣም ቀጭን መርፌ ነው፣ ፖሊዶካኖል ወይም ሌላ ፈሳሽ ስሩ ውስጥ ይገባል፣ የውስጥ ግድግዳውን ያቆስለዋል፣ ግድግዳው ተጣብቆ ይዘጋል፣ ሰውነት ደግሞ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። የፖሊዶካኖሉ ጥንካሬ ለሸረሪት ድሩ 0.5 በመቶ፣ ለመጋቢው 1 በመቶ ነው። ወፍራም መጋቢ ካለ መጀመሪያ እሱ ይዘጋል። ባንዴ አያልቅም። ለውጡን ለማየትም ከ3 እስከ 6 ሳምንት ትጠብቃላችሁ፤ ወፈር ላለው 3 እና 4 ወር።

ሜላት ዘሜክሲኮ
ዶክተር፣ መርፌውስ አያጠቁርም?

የቆዳ ሬዚደንት
ያጠቁራል፤ ደብቆ የሚሸጥልሽ ካለ ሽሺው። ከተዘጋው ስር ውስጥ የደም ብረት ቆዳው ላይ ይፈሳል፣ ስሩ በነበረበት መስመር ቡናማ ሆኖ ይቀራል። አብዛኛው በዓመት ውስጥ ይለቃል፣ ጥቂቱ ይከርማል። አንዳንዱ ሰው ላይ ደግሞ መርፌው በተወጋበት ዙሪያ አዲስ በጣም ቀጭን ቀይ ስር ይወጣል፤ እሱም ብዙ ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ፈሳሹ ከስሩ ውጪ ከፈሰሰ ቁስል ሊያመጣ ይችላል፣ አልፎ አልፎ አለርጂ አለ፣ በጣም አልፎ አልፎ ደም ይረጋል። ከዚህ ቀደም እግሩ ላይ ደም የረጋበት ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር እንዳይጀምር።
ትንኝ ነክሷት ወራት የሚጠቁርባት ልጅ እኔ ጋ ብትመጣ፣ ከጉልበት ጀርባ የማይታይ አንድ ትንሽ ቦታ ላይ ሠርቼ፣ ሁለት ሦስት ወር አይቼ ነው የምቀጥለው። ሰማያዊውን በቡናማ ለመለወጥ ከሆነ ብሩ ይቅርብሽ ነው የምላት።

መርካቶ ተወልጄ
ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? አጎቴ ዋገምት አስደርጎበት ቀለለኝ ብሏል። መጥፎው ደም ሲወጣ ይለቃል።

ሲስተር ዘቀዶ ሕክምና
ወንድሜ፣ ጀርባ ላይ የሚደረገውን ሰው እንደ እምነቱ፤ ቫሪኮስ ያለበት እግር ላይ ግን በፍጹም። የተወጠረ ደም ስር ላይ ምላጭ ሲያርፍ ደሙ በቀላሉ አይቆምም። "መጥፎ ደም" የሚባል ነገር የለውም፣ ወደ ልብ የሚመለስ ደም ስለሆነ ነው የሚጠቁረው። ማንም ሰው ቫሪኮሱ ተገጭቶ ወይም ታክኮ ቢደማ ቆሞ አይሩጥ፦ ወዲያው ይጋደም፣ እግሩን ከልቡ በላይ ከፍ ያድርግ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ ይጫነው። አልቆም ካለ ሆስፒታል።

መርካቶ ተወልጄ
እሺ ሲስተር፣ ለአጎቴ እነግረዋለሁ። ይሰማል ብዬ ግን አይደለም።

ጡረተኛ መምህር
ልጆቼ፣ ስታወሩ ሳነብ ቆየሁና እኔም ልጠይቅ አልኩ። 67 ዓመቴ ነው፤ ዕድሜዬን በሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው ያሳለፍኩት። ግራ እግሬ ባቱ ላይ ወፋፍራም ስር ካወጣ ቆይቷል፣ አልጨነቅበትም ነበር። ዘንድሮ ግን ከቁርጭምጭሚቴ በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳ ጠቆረ፣ ደረቀ፣ ያሳክከኛል። አራት ኪሎ ቡና የምንጠጣ ጓደኞቼ "ዝሆኔ ነው" ብለው አስደነገጡኝ። ስኳርም አለብኝ።

ሲስተር ዘቀዶ ሕክምና
ጋሼ፣ እግዜር ይማርዎት። ዝሆኔ የሚባለው በብዛት በባዶ እግራቸው ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሠሩ ገበሬዎችን የሚይዝ ነው፤ እብጠቱ ከእግር ጣትና ከውስጥ እግር ተነስቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው። የእርስዎ አገላለጽ ከደም ስሩ የመጣ የቆዳ ለውጥ ይመስላል፣ ቅድም 4 ያልኩት ደረጃ። ቀጥሎ የሚመጣው ቁስል ስለሆነ ለእርስዎ ይሄ የውበት ጉዳይ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ይታዩት። በጥፍር አይከኩት፣ ቫዝሊን እየቀቡ ያለስልሱት፣ ሲቀመጡ እግርዎን ከፍ ያድርጉት።
አንድ ነገር አደራ፦ ሰው ነግሮዎት አጥባቂ ካልሲ ገዝተው እንዳያደርጉ። ስኳር ያለበት ሰው ወደ እግር ደም የሚያወርደው ትልቁ ቧንቧ ጠቦ ሊሆን ይችላል፤ በዚያ ላይ ጠበቅ ያለ ካልሲ ከተጨመረ እግር ይጎዳል። መጀመሪያ ደም ወደ እግርዎ በደንብ መውረዱ ይለካ፣ ከዚያ ሐኪሙ ይዘዝልዎት።

ጡረተኛ መምህር
ተባረኪ ልጄ። ልጄን ይዤ ሐሙስ እሄዳለሁ።

ሀኒ ፒያሳ
የእኔ እግር ሳይሆን ጉንጭ ላይ ነው። ቀያይ ቀጫጭን ስሮች፣ ፀሐይ ሲነካኝ ደግሞ ፊቴ በሙሉ ይነድዳል። ያው ነው?

ፋርማሲው
ሀኒ፣ ያው አይደለም። ፊትሽን ምን ትቀቢዋለሽ? እውነቱን ንገሪኝ።

ሀኒ ፒያሳ
ማድያት ነበረብኝ፣ ከመዋቢያ ሱቅ "የሚያጠራ" ተብሎ የተቀላቀለ ቅባት ገዝቼ ስቀባ ቆይቻለሁ። መጀመሪያ በጣም ቆንጆ አድርጎኝ ነበር።

ፋርማሲው
ይኸው! እኔ ጋ በየቀኑ እንዲህ ያለ ጉንጭ ይመጣል። እነዚህ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል አለ፤ ለችፌና ለመሰል ሕመም በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝ ስቴሮይድ ነው። ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ትንንሾቹ ስሮች ይሰፋሉ፣ በሳሳው ቆዳ ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ያ "ቆንጆ" ያደረገሽ ነገር ነው ስሩን ያወጣው። ድንገት ስታቆሚ ፊትሽ ተቆጥቶ ቀልቶ ሊያብጥ ይችላልና ብቻሽን አትታገይው፤ ቆርቆሮውን ይዘሽ አለርት ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ቦታ ለቆዳ ሐኪም አሳይ። እስከዚያው የፀሐይ መከላከያና ኮፍያ። መንገዴ ላይ ቅባት እየበጠበጡ የሚሸጡትን ሳይ ምን እንደምላቸው አላውቅም፣ ልተወው።

ቤቲ
ሀኒዬ፣ አይዞሽ።

ቆሜ የምውል
እኔ ፒያሳ ካፌ አስተናጋጅ ነኝ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነው የምውለው። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ። እናቴ እግር አነባብሮ መቀመጥ ነው ስር የሚያወጣው ትለኛለች። እውነት ነው? አጥባቂ ካልሲስ ይጠቅመኛል?

ሲስተር ዘቀዶ ሕክምና
እግር ማነባበር ያመጣዋል የሚል ማስረጃ የለም፣ ሂል ጫማም እንዲሁ፤ በሂል ስትራመጂ ግን ባትሽ እንደልቡ አይሠራም። የሚጎዳው አንድ ቦታ ቀጥ ብሎ መቆም ነው። ማኪያቶው እስኪወጣ ባንኮኒው ጋ ስትጠብቂ ተረከዝሽን ከፍ ዝቅ አድርጊ፤ ማንም አያይሽም፣ ባትሽ ግን ይጨምቃል። ቅዳሴ ላይም መቋሚያውን ተደግፈሽ ያንኑ አድርጊ፣ ከእግር ወደ እግር ክብደትሽን አዛውሪ። ወደ ቤት ስትሄጂ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ ውረጂና በእግርሽ ግቢ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ የእግረኛው መንገድ ከተሠራ ወዲህ ለመራመድ ሰበብ የለንም።

ፋርማሲው
ስለ ካልሲው እኔ ልመልስ። ካልሲ የወጣውን ስር አያጠፋም። ክብደቱን፣ ድካሙን፣ የማታ እብጠቱን ነው የሚያቀለው፤ ከመርፌ በኋላም ሐኪሙ ለቀናት ያዝዘዋል። ጥንካሬው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው የሚለካው። ጤነኛ ሆኖ ቆሞ ለሚውል ከ15 እስከ 20 ይበቃል፣ ከ20 እስከ 30 ያለውን ሐኪም ሲያዝ ብቻ። ማሸጊያው ላይ ቁጥር የሌለው፣ ገበያ ላይ "የቫሪኮስ" እየተባለ የሚሸጠው ተራ ላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ ጭራሽ ከላይ ጠብቆ ከታች ይላላል፣ መሆን ያለበት ግን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠብቆ ወደ ላይ እየላላ የሚሄድ ነው።
ልኩ የሚወሰደው ጠዋት ነው፣ እግር ሳያብጥ፤ ቁርጭምጭሚት በቀጭኑ ቦታ፣ ባት በወፍራሙ ቦታ፣ ከመሬት እስከ ጉልበት ደግሞ ርዝመቱ። በጫማ ቁጥር ብቻ የሚሸጥልሽን እለፊው። ከአልጋ ሳትወርጂ ልበሺው፣ ማታ ስትተኚ አውልቂው። አፉን ወደ ታች አጥፈሽ አትልበሺው፤ እንደ ገመድ ያንቃል። ጣትሽ ከደነዘዘ ወይም ከበረደ ወዲያው አውልቂ።

የጎንደር መንገደኛ
ለበዓል አገር ቤት በአውቶቡስ እመላለሳለሁ። ከመጨረሻው ጉዞ በኋላ አንድ ባቴ ብቻ አብጦ ሲነካ ያመኛል። የሸረሪት ድር ስሮችም አሉብኝ፣ ከእሱ ነው?

የቆዳ ሬዚደንት
ወንድሜ፣ ይሄን መልእክት አንብበህ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂድ። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ አሞ፣ ሞቆ ከሆነ ጥልቁ ስር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል፤ ከ4 ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ መጓዝ ያጋልጣል። ከቀጫጭኖቹ የመጣ አይደለም። አትሸው፣ አታሳሸው። ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ደረትህን ከወጋህ ደግሞ ብቻህን እንዳትሄድ።

የጎንደር መንገደኛ
ጥቁር አንበሳ ቅርቤ ነው፣ ወንድሜን ጠርቼ እየሄድኩ ነው።

ሜላት ዘሜክሲኮ
ዜና ይዤ መጣሁ። ዶፕለር ተነሳሁ፤ ቆሜ፣ ባቴን እየጨመቁ ሲለቁ ደሙ ይመለስ እንደሆነ አዩት። ጥልቁም ትልቁም ስር ደህና ነው፣ ከጉልበቴ ጀርባ አንድ ትንሽ መጋቢ ብቻ አለ አሉኝ። ሐኪሟ ራሷ "ጡት እስክታስጥይ እንየው፣ ከዚያ ካልደበዘዘ መጋቢውን ብቻ በመርፌ እንሞክራለን" አለችኝ። ሌዘሩን ትቼዋለሁ። 15 እስከ 20 የሚለውን ካልሲ ከፋርማሲ ገዝቼ ለብሼ እየዋልኩ ነው፤ ማታ ባቴ እንደ ድሮው አይከብደኝም። እናቴንም ይዣት ሄጃለሁ፣ የእሷ ወፍራሙ ስር ይመልሳል፣ ለቀዶ ሕክምና ሐኪም ጽፈውላታል።

የተቃጠልኩት
ዕድለኛ ነሽ። ቀድመሽ ጠየቅሽ።

የጎንደር መንገደኛ
እኔም ለማሳወቅ ያህል፦ ረግቷል። ደም ማቅጠኛ ጀምሬያለሁ፣ ቤቴ ገብቻለሁ። ዶክተር፣ ዕድሜህ ይርዘም።

ቤቲ
እልልል! ሜላትዬ፣ ካልሲውን በምን ነው የምታጥቢው? የእኔ በሁለት ሳምንት ላላ።

ፋርማሲው
በረኪና ከትተሽበት ይሆናል። ቀዝቀዝ ባለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና በእጅ እጠቢው፣ አትጠምዝዢው፣ ፀሐይ ላይ አታስጪው፣ ካውያም አይነካውም። በደንብ ከተያዘ እስከ 6 ወር ያገለግላል፣ ከዚያ ላስቲኩ ስለሚደክም ይቀየራል። ሁለት ጥንድ ግዢ፣ እያፈራረቅሽ ልበሺ።